ሁለት ዓሦች በእርጥብ ጆንያ

ዓሣ ከውኃ ሲወጣ ይሞታል ይባላል። ውሸት ነው። የሚሞት አለ፤ የማይሞትም አለ። እኔ የማይሞተውን አይቼዋለሁ። አራት ቀን በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ፣ በወታደር መኪና ላይ ሲንገላታ ሰንብቶ ነገሌ ቦረና ገባ፤ ሲደርስም ከእኔ የተሻለ ጤና ነበረው። እስከ ዛሬ አንድ ሰው “ከውኃ እንደ ወጣ ዓሣ ሆንኩ” ሲለኝ “የትኛው ዓሣ?” እላለሁ። ብዙ ወዳጅ የሌለኝ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ነገሩ የሆነው በሰባዎቹ አጋማሽ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ነገሌ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምር ነበር። እዚያ የተመደብኩት በቅጣት ነው እያልኩ አወራለሁ። ማንም አልቀጣኝም፤ ዕጣ ነው የደረሰኝ። ግን ቅጣት ለሚያነብ ሰው ያምርበታል ብዬ አስብ ነበር። ብዙ መጽሐፍ ነበረኝ፤ አብዛኛውን ጀምሬ የተውኩት ነው። ዳር እስከ ዳር የጨረስኩት አንድ ብቻ ነበር፤ ሽፋኑ የተገነጠለ፣ ስለ ዓለም ዓሦች የሚናገር ወፍራም የውጭ መጽሐፍ። ከእሱም አንድ ምዕራፍ በቃሌ ይዤ ነበር፤ የእባብ ራስ ስለሚባሉት ዓሦች።

ጭንቅላታቸው ጠፍጣፋ ነው፤ በትልልቅ ቅርፊት የተሸፈነ፣ ቁርጥ የእባብ። በእስያ ብቻ ከሃያ የሚበልጡ ዓይነቶች አሏቸው። በትልልቅ ወንዝና ሐይቅ የሚኖር፣ ርዝመቱ ከአንድ ሜትር የሚያልፍ አለ። በተራራ ጅረት ድንጋይ ሥር ጉድጓድ ይዞ የሚኖር፣ ከስንዝር የማይበልጥ አለ። በሰሜን በኩል ክረምቱን ከበረዶ በታች የሚያሳልፍ አለ። በሩዝ ማሳ ኖሮ ውኃው ሲደርቅ ጭቃ ውስጥ የሚቀበር አለ። አፍሪካ የደረሷት ሦስት ብቻ ናቸው፤ ረግረግና ሣር የበዛበት የተኛ ውኃ ይወዳሉ፤ ከሦስቱ አንዱ እስከ እኛው ባሮ ድረስ ይመጣል። ከዚያ ወዲህ የሉም። ይህን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ያኔ ልብ ብዬ አላነበብኩትም። ልቤን የሰረቀው ሌላው ነበር፤ እነዚህ ዓሦች ከስንጥባቸው በላይ አየር የሚይዙበት ክፍል አላቸው፤ በየጊዜው ብቅ ብለው አየር ካልጎረሱ ውኃ ውስጥ ታፍነው ይሞታሉ። የሚሰምጥ ዓሣ! ከእስያዎቹ አንዳንዶቹ ደግሞ በእርጥብ መሬት ላይ እየተጎተቱ ከኩሬ ወደ ኩሬ ይሄዳሉ። ስለ አፍሪካዎቹ አካሄድ መጽሐፉ የሚለው ጥቂት ነው። እኔ ግን ብዙ አልኩ።

የምለውም በሐጂ አደም ሻይ ቤት ነበር። ሐጂ አደም ሻይ ቤቱንም ይመራሉ፣ በአሮጌ ላንድሮቨራቸው ለከብት አርቢዎች ጨው እየጫኑም ይሸጣሉ። አማርኛውንና ኦሮምኛውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያጋቡታል።

“መምህር፣” አሉኝ አንድ ቀን፣ “ይሄ ዓሣህ አየር ይተነፍሳል፣ በእግሩ ይሄዳል። ለምን ቀበሌ አይመዘገብም?”

ቤቱ ሳቀ። አንድ ሰው ግን አልሳቀም። ጓድ ሽፈራው ይባላል፤ ከመንግሥት ቢሮዎች በአንዱ የልማት ዘመቻ የሚመራ ሰው ነው። ወንበሩን ወደ እኔ ሳበ።

“ድርቅ አይፈራም ነው ያልከው?”

“ጭቃ ላይ ይኖራል፣ ጓድ።”

“ቆላ ይስማማዋል?”

“ሙቀት ይወዳል።”

“እንግዲያው የእኛ ዓሣ ነው፤” አለ። “ሕዝቡ ከብት ከብት ሲል ድርቅ ፈጀው። በየኩሬው ዓሣ እንለቃለን።”

“ቦረና ዓሣ አይበላም እኮ፤” አሉ ሐጂ። “ዓሣ በላ ማለት እዚህ አገር ስድብ ነው።”

“ንቃቱ ሲያድግ ይበላል።”

“ዋቅ ይወቅ፣ ፈጣሪ ይወቅ፤” አሉ ሐጂ፤ ብርጭቆ ማጠባቸውን ቀጠሉ።

ጓድ ሽፈራው ሲወጣ ትከሻዬን ይዞ አንሾካሾከ። ለዓሣ እርባታ ውጭ አገር የሚላክ አንድ ሰው እንዲመርጥ ተጠይቋል። ዓሣው ከተለቀቀና እንደ ባለሙያ ከፈረምኩ ስሜ ይላካል። ውጭ አገር! ወንበር ላይ ተቀምጬ የመጣልኝ ደስታ በሕይወቴ እሱ ብቻ ነው። ያን ሳምንት ክፍል ውስጥ ኮት ለብሼ አስተማርኩ። ነገሌ፣ በበጋ፣ ኮት።

አብሮ አደጌ አሥር አለቃ ደምሴ ያኔ ጋምቤላ ነበር፤ ወደ ነገሌ ጦር እንደሚዛወር ጽፎልኝ ነበር። ቶሎ ብዬ መለስኩለት፤ ስትመጣ ከባሮ ዳር ረግረግ እንዲህ እንዲህ ያለ ዓሣ ሕያው አምጣልኝ፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው፣ በየማረፊያው ውኃ አርከፍክፍበት። ያበድኩ መስሎት ነበር፤ ግን አደረገው። አንድ ከሰዓት በኋላ ከመኪና ወርዶ ጆንያውን እግሬ ሥር ጣለው።

“ሦስት ነበሩ፤” አለ። “አንዱን ሻሸመኔ ጠበስነው። ይጣፍጣል።”

ጆንያውን ስፈታ ሁለት ጠፍጣፋ ጭንቅላቶች፣ እያንዳንዱ ዓሣ ክንድ የሚያህል፣ አፋቸውን ከፍተው ዘጉ። ሐጂ አደም ጎንበስ ብለው አዩና “አዑዙ ቢላሂ” ብለው ወደ ኋላ ሸሹ። ያን ቀን ከሻይ ቤቱ ስወጣ መሬት አልነካሁም።

በማግስቱ ሐጂ ጨው ሊያደርሱ ወደሚሄዱበት ኩሬ አብሬ ሄድኩ። ከከተማው የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ድርቁ በርትቶ ነበር፤ በዚያ ዙሪያ ውኃ የቀረው እዚያ ብቻ ነው። የቦረና ኩሬ ዝም ብሎ የተኛ ውኃ አይደለም። አባት አለው፤ አባ ሃሮ ይሉታል። አባቶቹ የቆፈሩትን በየዓመቱ ደለሉን ያስጠርጋል፤ ማን መቼ እንደሚያጠጣም ተራውን ይቆርጣል። ኩሬው ዙሪያውን በእሾህ የታጠረ ነው፤ አንድ በር ብቻ አለው። ከብት ወደ ውስጥ አይገባም። ሰዎች ተሰልፈው ውኃውን በቆዳ መቅጃ እየተቀባበሉ ከበሩ ውጭ ባለ ዝቅተኛ የጭቃ ገንዳ ውስጥ ይገለብጣሉ፤ ከብቱ ከዚያ ይጠጣል። ከብቶቹ ውኃ የሚያዩት በሦስት ቀን አንዴ ነበር።

አባ ሃሮው ጃርሶ የሚባሉ ቀጭን ሽማግሌ ነበሩ። “ናጋ?” “ናጋ።” ሰው ደህና? ከብት ደህና? ምድሩስ? ሰላምታው ብቻ ሩብ ሰዓት ፈጀ፤ እኔ ሰዓቴን አይ ነበር። ጆንያውን በበሩና በገንዳው መካከል፣ ሲቀዳ በፈሰሰው ውኃ በራሰው መሬት ላይ አስቀመጥኩት። አፉንም ላላ አድርጌ አሰርኩት፤ አየር እንዲያገኙ።

ግራር ሥር ተቀምጠን ንግግሬን ጀመርኩ። ስለ እስያ፣ ስለ በረዶ፣ ስለ ሩዝ ማሳ ሁሉ ተናገርኩ። ሐጂ ተረጎሙ። ጃርሶ መፋቂያቸውን እያኘኩ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና ጠየቁ። ሐጂ በአማርኛ እንዲህ ብለው መለሱልኝ፦

“‘ምን ይበላል?’ ይላል።”

“ያገኘውን ሁሉ! ዓሣ፣ እንቁራሪት፣ ትል። ጎበዝ አዳኝ ነው።”

“‘እሱንስ ማን ይበላዋል?’”

“እዚህ? ማንም! ጠላት የለውም።” ይህን በኩራት ነው ያልኩት።

“‘ይወልዳል?’”

“በብዛት። አባትና እናቱ ልጆቻቸውን ይጠብቃሉ።”

“‘ውኃው ሲያልቅ፣ እኛ ደለሉን ልንጠርግ ስንገባ፣ የት ይሆናል?’”

“ጭቃው ውስጥ! አይሞትም አልኩ እኮ!”

ጃርሶ መፋቂያውን ከአፋቸው አወጡ። ረዘም ያለ ነገር ተናገሩ።

“ምን አሉ?”

“እኔ ተርጓሚ ነኝ፤ አልጨምርም፣ አልቀንስም፤” አሉ ሐጂ። “‘ውኃዬ ውስጥ ያለውን ሁሉ የሚበላ፣ እሱን ማንም የማይበላው፣ የሚበዛ፣ ላወጣው ብል የማይወጣ፣ እኔም የማልበላው ነገር ነው ያመጣህልኝ። ይሄን ሁሉ የነገርከኝ አንተው ነህ። ልጄ፣ ጠላት አለህ ወይስ እኔ ነኝ ጠላትህ?’”

መልስ ነበረኝ። ሁልጊዜ መልስ ነበረኝ። አፌን ስከፍት ግን ውኃ ከሚቀዱት አንዷ ጮኸች።

ጆንያው ባዶ ነበር።

ሁለት ወር ሙሉ “ይህ ዓሣ በመሬት ይሄዳል” እያልኩ ከተማ ያሰለቸሁት እኔ፣ የጆንያውን አፍ አላጠበቅኩትም። ሮጥኩ። አንዱ ከውኃው ጠርዝ ሁለት እርምጃ ሲቀረው በሆዱ እየተጎተተ በጭቃው ላይ ይሄዳል፤ ልክ እንዳልኩት። ተወርውሬ ተኛሁበት። ኮቴን ለብሼ። አውራ ጣቴን ነከሰኝ፤ ጥርስ እንዳለው መጽሐፉ ጽፏል፣ እኔም ለተማሪዎቼ አስተምሬያለሁ። ይዤው ስነሣ ሰው ሁሉ ያየኛል። ጆንያው ውስጥ መልሼ አፉን አጥብቄ አሰርኩት።

“ሁለተኛውስ?” አሉ ሐጂ።

ሁለተኛው የለም። ከጆንያው አንድ ፈለግ ወደ በሩ ይሄዳል፤ እሱም እኔ በተኛሁበትና ሰው በተራወጠበት ጭቃ ላይ ጠፋ።

ያኔ ነው መጀመሪያ የፈራሁት። ለውጭ አገር ዕድሌ አይደለም፤ እሱን ረስቼዋለሁ። ኩሬው ውስጥ ገብቶ ከሆነ፣ ሴት ከሆነችና ሆዷ በእንቁላል ተሞልቶ ከሆነስ? ያለ ወንድ እንቁላሏ እንደማይፈለፈል እንኳ ያኔ ትዝ አላለኝም። ወንድና ሴቱን ለይቼ አላውቅም ነበር። ሁለት ወር ስለ እነሱ ያወራሁ ሰው!

“አንድ ነገር አውቃለሁ፤” አልኩ ለጃርሶ። “አየር ሳይጎርስ መቆየት አይችልም። ኩሬው ካልተነካ፣ ብቅ ሲል አየዋለሁ። መቅዳቱ ይቁም።”

ጃርሶ የከብቶቹን ሰልፍ አዩ። አቧራው እስከ ኮረብታው ድረስ ነበር። ጎልቻ የሚባል አንድ ጎልማሳ በትሩን መሬት ላይ መታ፤ “በዓሣ ምክንያት ከብት ይሙት?” አለ። ይህን ለመረዳት ተርጓሚ አላስፈለገኝም።

ሽማግሌው እጃቸውን አነሡ። የግራሩ ጥላ አጥሩ በር እስኪደርስ ተራው ይቁም አሉ፤ ተራ ሲቆም ደግሞ ለሁሉም ይቆማል፤ ገንዳው ውስጥ እስከ ግማሽ የተቀዳውም አይነካም። ወደ እኔ ዞሩ።

“‘ተመልከት እንግዲህ፤’ ይላል፤” አሉ ሐጂ።

ተቀመጥኩ። ኩሬው ሰፋ ያለ ግቢ አያክልም፤ ቡናማና ጸጥ ያለ ነው። ዓይኔን ሳልነቅል አየሁ። ከኋላዬ የከብቱ ጩኸት እየበዛ መጣ፤ ውኃ የሸተተው የተጠማ ከብት እንዴት እንደሚጮህ የሰማ ያውቀዋል። ጣቴ አብጧል። ኮቴ ላይ ጭቃው ደርቆ እንደ ጋሻ ቆሟል።

ግማሽ ሰዓት ያህል እንዳለፈ ውኃው ተከፈተ። “ያውና!” ብዬ ጮህኩ። ወንዱም ሴቱም ሮጦ መጣ። የወጣችው እንቁራሪት ነበረች። ዞር ብላ አየችንና ገባች።

ቆይቶ ሌላ ክብ ታየኝ። “ያው!” አልኩ። ከሐጂ በቀር ማንም አልመጣም። እንቁራሪት ናት።

“መምህር፣” አሉ ሐጂ ከአጠገቤ እየተቀመጡ፣ “የእንቁራሪትም መጽሐፍ አለህ?”

አልሳቅሁም። ማልቀስ ነበር የፈለግሁት፤ እሱም በኮት አያምርም።

ጥላው ወደ በሩ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ከሰልፉ ጫጫታ ተነሣ። አንዲት ላም ወድቃለች። ባለቤቷ ሎኮ የምትባል ሴት ናት፤ የቀሯት ሦስት ከብቶች ብቻ መሆናቸውን ሐጂ ነገሩኝ። በድርቅ ጊዜ የወደቀች ላም ራሷ አትነሣም፤ ሰው ያነሣታል። ሄድኩ። ማንም ና አላለኝም። ሁለቱ በቀንዷ፣ ሁለቱ ከሆዷ ሥር ገቡ፤ እኔን ጭራዋ ላይ አቆሙኝ። የጎድን አጥንቷ በዓይን ይቆጠራል። አንድ፣ ሁለት ብለን ስናነሣት ትቆምና መልሳ ትንበረከካለች። የእሷ ትንፋሽ እስከ ያዝኩት ጭራ ድረስ ይሰማኝ ነበር። የዓሣውን ትንፋሽ ስጠብቅ የዋልኩ ሰው።

ጃርሶ ሕጋቸውን ሰበሩ። “ከገንዳው ይሰጣት፤” አሉ።

ሎኮ ቅሏን ይዛ ወደ ገንዳው ሄደች። ጎንበስ ብላ ቀዳች። ከዚያ ቀና አለችና፣ ሳትጮህ፣ በተረጋጋ ድምፅ ጠራችኝ።

“ባርሲሳ፣ ኮቱ።” መምህር፣ ና። በአማርኛም ጨመረችበት፦ “ዓሣህን ውሰድ።”

ገንዳው ውስጥ ነበር። ጭቃማው ውኃ ውስጥ ተኝቶ፣ በየጊዜው ብቅ እያለ አየር እየጎረሰ፣ ከጀርባዬ ስምንት እርምጃ ርቀት ላይ። ሲጀመርም ወደ በሩ አልሄደም፤ ቅርቡን ውኃ ነው የመረጠው። እኔ ትልቁን ውኃ ስጠብቅ ዋልኩ፤ ምክንያቱም የእኔ ዓሣ ትንሽ ገንዳ ይመርጣል ብሎ ማሰብ ክብሬን ይነካል።

ጎልቻ መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሁሉም ሳቀ። ጃርሶ አልሳቁም። ድንጋይ አንሥተው ሰጡኝ። ሁለቱንም እዚያው ገደልኩ፤ ቶሎ ስላልሞቱ ብዙ ጊዜ መታሁ። የገንዳው ውኃ ተቀድቶ ተደፋ፤ ገንዳው ታጠበ፤ ተራው ቀጠለ፤ የሎኮ ላም ጠጥታ ቆመች። ዓሦቹን ከኩሬው አርቄ ቀበርኳቸው።

በማግስቱ ጓድ ሽፈራው ቢሮ ገባሁ። ዓሣ አልተለቀቀም አልኩት።

“ሪፖርቱ ተጽፏል እኮ፤” አለና ወረቀቱን ገፋልኝ። ሁለት መቶ ዓሣ ተለቋል ይላል።

“ሁለት ነበሩ። ሞተዋል።”

“ይራባሉ አላልክም? ፈርም። ስምህ ዓርብ ይሄዳል።”

እዚህ ላይ ወረቀቱን ቀደድኩት ብዬ ብነግራችሁ ደስ ይለኝ ነበር። አልቀደድኩትም። ጣቴ አብጧል፣ ብዕር አልይዝም፣ ነገ ልፈርም አልኩ። ሌሊቱን ሙሉ ለመፈረም ወስኜ ነው ያደርኩት። ማመካኛዬም ጥሩ ነበር፤ በወረቀት ላይ ያለ ዓሣ የማንንም ውኃ አያበላሽም።

ሐሙስ ጠዋት ሐጂ አደም ሻዬን ሲያቀርቡ “የሎኮ ላም ሞተች፤” አሉኝ።

“መቼ?”

“ትናንት።”

“በእኔ ምክንያት ነው?”

“ድርቅ ነው፤” አሉ። ብርጭቆውን እያስቀመጡ ደግሞ፣ “እኔ ምን አውቃለሁ? ሦስት ሰዓት ቆማለች።”

“እሷ ምን አለች?”

“ምንም። ጨው ገዝታ ሄደች።”

ወረቀቱ ሁለት መቶ ዓሣ አለ የሚለው ስለዚያች ሴት ውኃ ነው። የሚመጣው ዓመት ሰዎች ሪፖርቱን ይዘው ዓሣውን ሊያወጡ ቢሄዱ፣ ጃርሶ ምን ይላሉ? የለም ሲሉ ማን ያምናቸዋል? ጓድ ሽፈራው ዘንድ ሄጄ አልፈርምም አልኩ። አልሰማሁም ብሎ ሁለት ጊዜ አስባለኝ። ሦስት ወር ደመወዜ በየሰበቡ ዘገየ፤ ከዚያ የባሰ አልደረሰብኝም። ዕድሉ ለስፖርት አስተማሪው ተሰጠ። ዋና እንኳ የማይችል ሰው ነበር፤ ዓሣ ተምሮ መጣ።

እኔ ነገሌ ስምንት ዓመት ቆየሁ። ኦሮምኛ የተማርኩት ከጃርሶ ነው፤ ግማሹ ቃላቴ ስለ ከብትና ስለ ውኃ ስለሆነ አዲስ አበባ ላይ አይጠቅመኝም። ለሎኮ ይቅርታ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ሰላምታው ሩብ ሰዓት ፈጀ፤ ሰዓቴን አላየሁም። ወተት አልነበራትም፣ ውኃ ሰጠችኝ። የተዘጋጀሁበትን ንግግር ሳልናገር ጠጥቼ ተመለስኩ። ብዙ ሰዎች ትሑት ሆንክ ይሉኛል። አልሆንኩም፤ ይህን ጽሑፍ እያነበባችሁ ታውቃላችሁ። የተለወጠው አንድ ነገር ነው፤ አንድ ነገር በደንብ የማውቅ ሲመስለኝ፣ የዚያን ዕውቀቴን መዘዝ ተሸክሞ የሚኖረው ማን እንደሆነ ዞር ብዬ አያለሁ። ብዙውን ጊዜ እኔ አይደለሁም።

አሁን በየቦታው ኩሬ ይቆፈራል፣ ግድብ ይሠራል፣ ከሩቅ የመጣ ፈጣን አዳጊ ዓሣ ይለቀቃል ሲባል እሰማለሁ። የሚለቅቁት ወጣቶች ጥሩ ልብስ ለብሰው፣ ብዙ አንብበው ነው የሚሄዱት። ይህን የምታነበው አንተም ምናልባት ከእነሱ አንዱ ትሆናለህ። እንግዲያው ስማኝ፤ ባልዲህን ወይም ጆንያህን ከመፍታትህ በፊት ያን ውኃ የሚጠጡትን ሰዎች ጠይቃቸው። አይሆንም ካሉህ አትከራከር፤ ይዘኸው ተመለስ።